እንድንተዋወቅ፦ ስለ ምግብ፣ ስለ ልብስና ስለ ባህል ለምትጠይቅ ልጃችን

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና እስከ ቂያማ ቀን ድረስ ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

ዛሬ የምናነሣው ርዕስ ከወላጆች ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ ነው። በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ የምትኖር አንዲት ወጣት ሙስሊም ልጅ እንዲህ ትላለች እንበል፦ «የምኖርባትን ከተማ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሰዉ ምን ይበላል? ምን ይለብሳል? ሠርጉንና ለቅሶውን እንዴት ያደርጋል? ይህን ጠይቄ፣ ያየሁትንና የሰማሁትን ለሌላው መንገር እፈልጋለሁ።» አባት ይሰጋል። እናት «ሰው ምን ይላል?» ትላለች። በአንዳንድ ቤት ነገሩ «አርፈሽ ተቀመጪ» በሚል አንድ ቃል ይዘጋል። በሌላው ቤት ደግሞ መካሪ የሌላት ልጅ እንዳሻት ትወጣለች፣ እንዳሻት ትገባለች። ሁለቱም ለልጅቷ አይበጁም። ስለዚህ ዲናችን በዚህ ጉዳይ ላይ ምን እንደሚል፣ ወሰኑ የት እንደሆነና ከወላጅ ምን እንደሚጠበቅ በአላህ ፈቃድ እንመለከታለን።

ጠያቂ ሴት በኢስላም ታሪክ

የሌላውን ሕዝብ ኑሮ አይቶ መማርና ማስተማር ለሙስሊም ሴት አዲስ ነገር አይደለም። ማስረጃውን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ከራሳችን ምድር ጋር የተያያዘ ነው።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እንደምናገኘው፣ በዒድ ቀን ሐበሾች በመዲና መስጊድ ውስጥ በጦር ይጫወቱ ነበር። ወጣቷ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጨዋታውን ማየት ፈለገች። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በኩታቸው እየጋረዷት፣ ራሷ በቃኝ ብላ እስክትሄድ ድረስ ቆመው አስመለከቷት። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ይህን ስታስተላልፍ፣ ሰዎች የለጋ ልጅን ፍላጎት ከግምት እንዲያስገቡ መክራለች። እዚህ ውስጥ ለወላጅ ሁለት ትምህርት አለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የማየት ፍላጎቷን አልነቀፉም። ብቻዋንም አልተዋትም፤ አብረዋት ቆሙ፣ ጋረዷትም። ፈቃዱና ጥበቃው አንድ ላይ ነበሩ።

አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ከባለቤቷ ከጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ጋር ወደ ሐበሻ ተሰድዳ ዓመታት ኖራለች። ወደ መዲና ከተመለሰች በኋላ፣ የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ፋጢማ (ረ.ዐ) የሴት ሬሳ በጨርቅ ብቻ ተሸፍኖ ቅርጿ እየታየ መወሰዱ ቅር ያሰኛት ነበር። አስማእ በሐበሻ ምድር ያየችውን ነገረቻት፤ በቃሬዛው ላይ የዘንባባ ዝንጣፊ አጉብጣ፣ ጨርቅ ጣል አድርጋበት አሳየቻት። ፋጢማም ወደደችው። ይህን ዑለሞች በመጻሕፍቶቻቸው አውስተውታል። እንግዲህ አንዲት ሴት በሰው ሀገር ልማድ ላይ ዓይኗን ጥላ፣ መልካሙን ለይታ ይዛ በመመለሷ ለሙስሊም ሴቶች ክብር የሚሆን ነገር አስገኘች።

ሦስተኛዋ ኡሙ ኻሊድ ናት። በሐበሻ ምድር የተወለደች ሕፃን ነበረች። ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ያላት ትንሽ ጥቁር ልብስ መጣችላቸው። ኡሙ ኻሊድን አስጠርተው በገዛ እጃቸው አለበሷት፤ ጥለቱንም እያመለከቱ በሐበሻ ቋንቋ «ሰናህ» አሏት፤ ቆንጆ ነው ማለት ነው። ዛሬም በግዕዝ «ሠናይ» የሚለው ቃል መልካም ማለት ነው። የሰው ልጆች ሁሉ አለቃ የሆኑት ነብይ አንዲትን ሕፃን በተወለደችበት ሀገር ቋንቋ ስለ ልብሷ አመሰገኗት። ስለ ልብስና ስለ ውበት መናገር በራሱ የሚያሳፍር ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ከተሞቻችንን እናውቃቸዋለን ወይ?

ሦስቱ ከተሞች አዲስ አበባን በሦስት አቅጣጫ የያዙ ናቸው። ሰበታ በደቡብ ምዕራብ፣ በጅማ መንገድ ላይ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ቡራዩ በምዕራብ በኩል በአምቦና በነቀምት መንገድ ላይ ናት፤ ለአዲስ አበባ ውኃ የሚያጠራቅመው የገፈርሳ ግድብም በዚያው በኩል ነው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ፣ በጎጃም መንገድ ላይ ናት። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ሦስቱም ሸገር ከተማ በተባለው አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል።

እነዚህ መንገዶች እህልና ቡና ብቻ አላመጡም፤ ሰውንም ከነሙያው፣ ከነምግቡ፣ ከነአለባበሱ አምጥተዋል። ነባሩ የአካባቢው ኦሮሞ አለ። በጅማ መንገድ ጉራጌውና የጅማው ሰው መጥቷል። ዓለም ገና ላይ በሚገነጠለው የቡታጅራ መንገድ ስልጤው መጥቷል። ከወለጋ በኩል የመጣው ቡራዩ ላይ ቤት ሠርቷል። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የኢትዮ ጅቡቲ የባቡር መስመር ደግሞ ጫፉ ሰበታ ሆኖ፣ በድሬዳዋ በኩል አልፎ ጅቡቲ ይደርሳል። በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የከበደውም በየዓመቱ ወደነዚህ ከተሞች ይወጣል።

ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ ማርቃ የሚያገነፋ፣ ቆጮ የሚጋግር፣ አንጮቴ የሚቀቅልና ሽሮ የሚሠራ ቤተሰብ ጎን ለጎን ይኖራል። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ጎረቤት በሽታው እንጂ በስሙ አናውቀውም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት ሰዎችን ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ፈጥሮ በነገድና በጎሣ ያደረጋቸው እንዲተዋወቁ መሆኑን ነግሮናል። በሱረቱ-ር-ሩም ደግሞ የቋንቋዎቻችንና የመልካችን መለያየት ከተአምራቱ አንዱ መሆኑን አሳውቆናል። ከተማዋን ጠይቃ ለማወቅ የተነሣች ልጅ ኒያዋን ካሳመረች ይህንኑ ትእዛዝ እየፈጸመች ነው።

ስለ ምግብ ስትጠይቅ

አንደኛ፣ የሰውን ምግብ አትንቀፍ። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን አንቅፈው አያውቁም፤ ከፈለጉ ይበላሉ፣ ካልፈለጉ ይተዋሉ። በእናታችን መይሙና (ረ.ዐ) ቤት ዸብ የሚባል የበረሃ እንሽላሊት ተጠብሶ ቀርቦ ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ሲሰበስቡ ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ሐራም እንደሆነ ጠየቀ። ሐራም እንዳልሆነ፣ ነገር ግን በወገኖቻቸው ምድር ያልለመዱት በመሆኑ ነፍሳቸው እንዳልወደደችው ነገሩት። ኻሊድ ወደ ራሱ ስቦ እየበላ እርሳቸው ያዩት ነበር። ከዚህ የበለጠ የሰውን ምግብ የማክበር ትምህርት ከየት ይገኛል? እኔ አልለመድኩትም ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ይሸታል፣ ይቀፋል» ብሎ በሰው ፊት መናገር ሌላ ነገር ነው። በከተሞቻችን ስንት የቆጮ ቤተሰብ ልጅ በትምህርት ቤት ምሳ ዕቃውን መክፈት ያፍራል?

ሁለተኛ፣ ሐላሉን ትጠብቅ፣ በአክብሮትም ትጠብቅ። የስጋን ጉዳይ በሀገራችን ሁሉም ያውቀዋል። ሥጋ ቤቱ በጨረቃ ምልክቱ ይለያል። ክርስቲያን ጎረቤታችን ልጁን ሲድር ለሙስሊም እንግዶቹ በሙስሊም እጅ አሳርዶ ለብቻ ያሰናዳል፤ እኛም በዒድ ቀን ጎረቤታችንን ስንጠራ እርሱ የሚበላውን እናስባለን። ይህ ማንም በሕግ ሳያስገድደው፣ ሰዎች ተሳስበው ያቆዩት ሥርዓት ነው። ልጃችን «እኔ ይህን አልበላም» ስትል ፊቷ ፈገግ ያለ ይሁን፤ ባለቤቱም ቅር አይለውም። እንዴት እንደሚሠራ ለመጠየቅ የግድ መቅመስ አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ እውነቱን ትናገር። ይህ የዘመናችን ፈተና ነው። አንድ ምግብ ቤት በነጻ አብልቷት ወይም ገንዘብ ሰጥቷት «ጥሩ ነው ብለሽ ንገሪልን» ሊላት ይችላል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ውስጥ የእህል ክምር ላይ እጃቸውን ሲያገቡ ከሥሩ እርጥበት አገኙ፤ ሰው እንዲያየው ከላይ ያላደረገውን ነጋዴ ወቀሱት፣ የሚያታልል ከእኛ አይደለም የሚል መልእክትም አስተላለፉ። ተከፍሏት ያመሰገነች ልጅ መከፈሏን ከደበቀች፣ እርጥቡን እህል በደረቁ ሸፍናለች። ምላስ ምስክር ነው፤ ምስክርነት ደግሞ አይሸጥም።

አራተኛ፣ ያጣውን ሰው አትርሳ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አዕራፍ ብሉ፣ ጠጡ ካለ በኋላ አታባክኑ ብሏል። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ዘርን (ረ.ዐ) ወጥ ሲሠራ ውኃ ጨምሮ ለጎረቤቶቹ እንዲያዳርስ መክረዋል። ሦስት ትሪ አዝዛ፣ አንዱን ቀምሳ ሁለቱን ትታ መነሣት እንጀራ በቁጥር በሚገዛበት ሰፈር ውስጥ ትልቅ ነውር ነው።

ስለ ልብስ ስትጠይቅ

አላህ (ሱ.ወ) ልብስን ለሰው ልጅ ሐፍረቱን የሚሸፍንበትና የሚያጌጥበት አድርጎ እንዳወረደ፣ የተቅዋ ልብስ ግን ከሁሉ እንደሚበልጥ ነግሮናል። ሸሪዓ ለሴት ልጅ ያስቀመጠው መስፈርት አለ፤ የሚሸፍን፣ የማያሳይ፣ ቅርጽ የማያወጣ ይሁን። ከዚያ በኋላ ጨርቁ ከየት ይምጣ፣ ቀለሙ ምን ይሁን፣ አሰፋፉ እንዴት ይሁን የሚለው ለሰው ልማድ የተተወ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው እጅጌው ጠባብ የሆነ የሻም ጁባ ለብሰው እንደነበር ሙጊራ (ረ.ዐ) ዘግቧል። እንግዲህ ድሪያም ይሁን አባያ፣ ጀለቢያም ይሁን በሀገር ጥጥ የተሠራ ሸማ፣ መስፈርቱን እስካሟላ ድረስ አንዱ ከሌላው የበለጠ ኢስላማዊ ነው ብሎ በእህት ላይ መፍረድ አይገባም። ሱረቱል ሑጁራት ሴቶች በሴቶች ላይ እንዳይሳለቁ ለይቶ መከልከሉን እናስታውስ።

ስለ ሒጃብ ስትናገር ግን ክብደቱን አውቃ ትናገር። በ2017 ዓ.ም በአክሱም ተማሪ እህቶቻችን ሒጃባቸውን አናወልቅም በማለታቸው ከትምህርት ተስተጓጉለው፣ ጉዳያቸው ፍርድ ቤት ድረስ ደርሷል። እነዚያ ልጆች ዋጋ የከፈሉበትን ነገር ልጃችን እንደ ሰሞነኛ ፋሽን አታቅልለው።

ከልብሱ ወደ ሠሪው እንሂድ። የሸማን ነገር የምትጠይቅ ልጅ ጥያቄዋ ወደ ሸማኔው ቤት ይወስዳታል። በቡራዩና በአካባቢው ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ኖረዋል። በሀገራችን ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ እያሉ ሙያን ስድብ ማድረግ የቆየ በሽታ ነው። ዲናችን ግን ነብዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ብረት እየሠሩ በእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር፣ ነብዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጢ እንደነበሩ አስተምሮናል። ልጃችን ከሸማኔው አጠገብ ቁጭ ብላ ድሩንና ማጉን፣ መወርወሪያውንና ጥለቱን ትጠይቀው። እግረ መንገዷንም «ለሙስሊም ሴት የሚሆን፣ መስቀል የሌለበት ጥለት ትሠራልኝ?» ትበለው። ደስ እያለው ይሠራላታል፤ ለእርሷ ሒጃብ፣ ለእርሱ ገበያ ይሆናል።

ያለመተዋወቅ ዋጋ

አድማጮቻችን፣ ይህን የምንለው ለጨዋታ ብለን አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ በሺዎች የሚቆጠሩም ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ከተጎዱት ውስጥ ብዙዎቹ እነዚያው ከጋሞ የመጡ ወገኖች ነበሩ። ነጠላቸውን ሰዉ ሁሉ ይለብሰዋል፤ በዓል ያለ እነርሱ ሥራ አይደምቅም። ነገር ግን ልብሱን የሚለብስ ሁሉ ሸማኔውን አያውቀውም። የማይተዋወቅ ሰው ደግሞ ወሬ በተነዛ ጊዜ ጎረቤቱን እንደ ጠላት ለማየት አንድ ቀን ይበቃዋል። ለዚህ ነው አላህ (ሱ.ወ) በዚያችው ሱራ ወሬ ሲመጣ አጣሩ ያለን፤ ለዚህ ነው ጥርጣሬንና ሐሜትን የከለከለን።

የጥቃቱ ዜና አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቶች ለበቀል ተነሥተው ነበር። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። ወጣቱም ባህሉን አክብሮ ተመለሰ፤ ደም ሳይፈስ ቀረ። ዲናችን ሱልህ የሚለውን፣ በሰዎች መካከል ማስታረቅን፣ እነዚያ አባቶች በሣር አሳዩት። ባህል ምን ይሠራል ብላ ለምትጠይቅ ልጅ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ስለ ባህል ስትጠይቅ

የዑለሞቻችን መርሕ ግልጽ ነው። ከሸሪዓ ጋር የማይጋጭ የሰዎች ልማድ፣ ዑርፍ የምንለው፣ ቦታ አለው። ቡና ተጠራርቶ መጠጣት፣ ዕድር፣ ለቅሶ መድረስ፣ የታመመ መጠየቅ፣ የደከመን ጎረቤት አዝመራ በጋራ መሰብሰብ መልካም ልማድ ነው። ዒባዳ የሆነው ግን የየሃይማኖቱ ነው። ኡሙ ሐቢባና ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) በሐበሻ ያዩትን ቤተ ክርስቲያንና በውስጡ ያሉትን ሥዕሎች ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረዋቸዋል። ለምን አያችሁ፣ ለምን ነገራችሁ አላሏቸውም፤ በመቃብር ላይ የአምልኮ ቤት መሥራት የተከለከለ መሆኑን አስተማሯቸው። አይቶ በአክብሮት መናገር አንድ ነው፤ የሌላውን ዒባዳ መፈጸም ሌላ ነው። ልጃችን ይህን መስመር ካወቀች ማንንም ሳታስቀይም፣ ራሷንም ሳታጠፋ መመላለስ ትችላለች።

ባህል የተባለ ሁሉም መልካም አይደለም። ጠለፋም በአንዳንድ ቦታ ባህል ተብሎ ኖሯል፤ ዲናችን ግን ያለ ልጅቷ ፈቃድ ጋብቻ አይፈቅድም። ለሁለት ቀን ሠርግ የአምስት ዓመት ዕዳ መግባትም ባህል ሊባል አይገባውም። መልካሙን አውስታ መጥፎውን በጨዋነት መተቸት የአዋቂ ሥራ ነው።

ከወላጅ የሚጠበቀው

አንደኛ፣ ከቤቷ ትጀምር። አያቷን ትጠይቅ፤ በልጅነታቸው ረመዳን በምን ይፈጠር ነበር፣ ዒድ ሲደርስ ምን ይለበስ ነበር፣ ሙሽራ እንዴት ትሸኝ ነበር? እናቶቻችን ይህን ዕውቀት ይዘው ወደ አኼራ እየሄዱ ነው። ጠያቂ ያላገኘ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ሁለተኛ፣ የት እንደምትሄድ፣ ከማን ጋር እንደምትሄድ ቤተሰብ ይወቅ። ከእህቷ፣ ከወንድሟ ወይም ከጥሩ ጓደኞቿ ጋር ትሂድ። አባት ጊዜ ካለው አብሮ ይሂድ፤ ሱሉልታ ወርዶ ከወተት ሻጯ እናት ጋር ስለ ሰላሌ ቅቤ መጨዋወት ለአባትም ደስታ ነው።

ሦስተኛ፣ ሰላቷ አይለፋት። ከመውጣቷ በፊት የትኛው መስጊድ የሴቶች መስገጃ እንዳለው ትጠይቅ።

አራተኛ፣ በሰው ቤት ያለ ፈቃድ አትግባ፣ የሰውን ፊትና ገመና ያለ ፈቃድ ፎቶ አታንሣ። ሱረቱ-ን-ኑር በሰው ቤት ከመግባት በፊት ማስፈቀድንና ሰላምታን አስተምሮናል። በጓዳዋ ያለ ሒጃብ እንጀራ የምትጋግር እህት ለማያውቃት ሰው እይታ መቅረብ የለባትም።

አምስተኛ፣ ሙገሳ እንዳያሳስታት ኒያዋን በየጊዜው ታድስ። ዛሬ ያወደሳት ሰው ነገ ያወግዛታል። አላህ ዘንድ የሚቀርላት የተናገረችው እውነትና ያስታረቀችው ልብ ነው።

ውድ ወላጆች፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እናድርግ። ልጆቻችንን ከእራት በኋላ ሰብስበን ከግድግዳው ወዲያ ያለው ጎረቤታችን ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚወድ፣ ልጆቹ ማን ማን እንደሚባሉ እንጠይቃቸው። መልሱን ካላወቅን አንድ ሰሐን ምግብ አስይዘን ወደዚያው ቤት እንላካቸው። ሰሐኑ ባዶውን አይመለስም፤ ልጃችንም ወሬ ይዛ ትመጣለች።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን በዒልምና በሐያእ ያሳምርልን። ከተሞቻችንን የሰላም፣ ጎረቤቶቻችንን የአማና ጎረቤቶች ያድርግልን። የተፈናቀሉትን ይካስልን፣ የተጣሉትን ያስታርቅልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።